ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ ካንሰር መድኃኒት፦ የአርባ ዓመት ጉዞ



ታሪክ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ንጉሥ፣ ጦርነትና ድንበር ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍትም ያስለመዱን ይኸንኑ ነው። ነገር ግን መድኃኒትም ታሪክ አለው። አንድ ብልቃጥ መርፌ ሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ ስንት አገር እንደዞረ፣ ስንት ሰው ጀምሮ እንደተወው፣ ስንቱም ፍጻሜውን ሳያይ እንዳለፈ ብናውቅ እንገረማለን። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የእንዲህ ዓይነቱን መድኃኒት ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ኢትዮጵያ ውስጥ ከበቀለ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የሚደርሰው ደግሞ በጡት ካንሰር ለታመሙ ሴቶች ከሚሰጥ መድኃኒት ላይ ነው።

ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕዋስና ስለ ፕሮቲን ስናስተምር «ይሄ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄው ደግሞ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ካንሰር የሚባለው በሽታ በየሰፈራችን የሚወራው በሹክሹክታ ነው። አንዳንዱ እንደ እርግማን ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ስሙን መጥራት ይፈራል፣ አንዳንዱም ያገኘውን ቅጠል ቀቅሎ ይጠጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዓመታቱ በሙሉ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጣጥ ማን ነው?

በገጠር ያደገ ሰው አጣጥን ያውቀዋል። እሾህ ያለው፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚቆረጥ፣ የባህል ሐኪሞችም ሥሩንና ቅጠሉን ለልዩ ልዩ ሕመም የሚፈልጉት ቁጥቋጦ ነው። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይባላል፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ከተሞች በወሎም በሐረርጌም እንዳሉ የአገሩ ሰው ያውቃል። አጣጥ የሚለው ስም የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች ማይቴነስ በሚባል ወገን ሥር የመደቧቸው በርካታ ተመሳሳይ ቁጥቋጦዎች በዚህ ስም ይጠራሉ።

እዚህ ሐርጌሳ የምንኖር ሰዎች ሳናውቀው የአጣጥን ዘመድ በየቀኑ እናየዋለን። ከኢትዮጵያ በኩል በመኪና እየከነፈ የሚገባው ጫት፣ በዕፅዋት አመዳደብ ሴላስትራሴ ከሚባለው ከአጣጥ ቤተሰብ ነው። ዘመድ ነው ማለት ግን አንድ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ ተነሥቶ «ጫት ካንሰር ያድናል» የሚል ሰው ካለ ጋዜጣችንን ገልብጦ ነው ያነበበው።

ከኢትዮጵያ እስከ ቨርጂኒያ

በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሩ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ዕቅድ ጀመረ። ዕቅዱ ቀላል ይመስላል፦ ከዓለም ዙሪያ ተክል መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር በፈሳሽ ማውጣትና በካንሰር ሕዋሳት ላይ መሞከር። ሕዋሱ ከሞተ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልሞተ ተክሉ ይተዋል። ሥራው ሃያ ዓመት ገደማ የቆየ ሲሆን ከመቶ ሺህ በላይ የተክል ጭማቂዎች ተፈትሸዋል። ከዚያ ሁሉ ልፋት መድኃኒት ሆነው የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከነሱ አንዱ ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት ታክሶል ነው፤ እሱም ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው።

በዚያው በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች መካከል አንዱ የአጣጥ ዓይነት ነበር። በወቅቱ ማይቴነስ ኦቫተስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ኋላ ትክክለኛ ስሙ ማይቴነስ ሴራታ ነው ተባለ። ናሙናው በመጨረሻ የደረሰው ሞሪስ ኩፕቻን የሚባል ኬሚስት ዘንድ ነው። ኩፕቻን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ ጋር ከተክል ውስጥ ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገሮችን የማውጣት ሥራ ላይ ነበር።

ሥራው ትዕግሥት ይፈታተናል። የተክሉ ጭማቂ የካንሰር ሕዋስ ይገድላል፤ ነገር ግን ጭማቂው ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። የትኛው ነው ገዳዩ? ጭማቂው ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል በካንሰር ሕዋስና የደም ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ይሞከራል፣ የሠራው ክፍል እንደገና ይከፈላል፣ እንደገና ይሞከራል። ገለባን ከእህል በወንፊት ለይቶ፣ እህሉን ደግሞ በሌላ ወንፊት እንደማበጠር ነው። በ1972 ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ያገኙትን ንጥረ ነገር በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ አስታወቁ። ስሙንም ከተክሉ ስም ወስደው ሜይታንሲን አሉት።

መጠኑን ስንሰማ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው 0.2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ተማሪዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ፦ አንድ ግራም ሜይታንሲን ለማግኘት 5,000 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኩንታል ደረቅ አጣጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሃምሳ ኩንታል አንድ ግራም! ኋላ ኬንያ ውስጥ በሺምባ ኮረብቶች የሚበቅል ሌላ የአጣጥ ዘመድ የተሻለ መጠን እንደሚሰጥ ስለታወቀ፣ ለሙከራ ሲባል ከ27 ቶን በላይ ተክል ከዚያ ተቆርጦ ተወሰደ። ቁጥቋጦው በቶሎ አላገገመም።

ነገሩ እንዲህ እያለ ጃፓን ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በ1977 የታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሣር ከሚመስል ተክል ላይ የወሰዱት ባክቴሪያ ከሜይታንሲን ጋር ወንድማማች የሆነ ንጥረ ነገር እንደሚሠራ አስታወቁ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ባክቴሪያ በጋን እንደሚጠነሰስ ጠላ በትልቅ ማብላያ ውስጥ ይራባል፤ ስለዚህ ጫካ መቁረጥ ቀረ። ዛሬም ከዚህ ወገን የሚሠሩ መድኃኒቶች መነሻቸው ይኸው ባክቴሪያ ነው እንጂ የተቆረጠ አጣጥ አይደለም።

መርዙ ተገኘ፣ መንገዱ ጠፋ

ሜይታንሲን ሕዋስን የሚገድለው እንዴት ነው? ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ቀጫጭን ክሮችን ይዘረጋል። ክሮቹ እንደ ሸማኔ ድር ተወጥረው የዘር መረጃውን ለሁለት ይጎትቱታል። ክሮቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ሜይታንሲን ቱቡሊን ላይ ይጣበቅና ክሩ እንዳይቀጥል ያደርጋል። ድሩ ሳይወጠር ሸማኔው አይሠራም፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ካንሰር ማለት ያለ ልክ የሚከፈል ሕዋስ ስለሆነ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

ኃይሉ ደግሞ ምኑ ቅጡ! የዚህ ንጥረ ነገር ወገኖች በላቦራቶሪ ሲለኩ ከተለመዱት የካንሰር መድኃኒቶች ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የበረቱ ሆነው ተገኙ። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በሰውነታችን ውስጥ የሚከፈለው የካንሰር ሕዋስ ብቻ አይደለም። የአንጀት ሽፋን ይታደሳል፣ ደም የሚሠሩ ሕዋሳት ሌት ተቀን ይከፈላሉ፣ ነርቮችም ለራሳቸው ሥራ እነዚያን ክሮች ይፈልጋሉ። መርዙ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሜይታንሲን በሰው ላይ ተሞከረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ወሰዱት። ትውከትና ተቅማጥ፣ የነርቭና የጉበት ጉዳት ተከተለ፤ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ግን ጥቂቶች ነበሩ። መጠኑን ሲቀንሱት ካንሰሩ አይሞትም፤ ሲጨምሩት ሰውየው ይጎዳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው በቃ ተባለና ቆመ። ኩፕቻን ራሱ በ1976 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቶ ነበር። ከ50 ኩንታል አንድ ግራም የተለቀመለት ንጥረ ነገር መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ሞከሩ፣ አልሆነም» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፍ ነበር።

የአድራሻ ጉዳይ

መርዝ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መርዙን ትክክለኛው ቤት ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሣው ፓውል ኤርሊክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ኤርሊክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጤናማውን አካል ሳይነካ በሽታውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት ሊኖር እንደሚችል አሰበ፤ «አስማተኛ ጥይት» ብሎም ጠራው። በ1908 በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ሐሳቡ ግን በካንሰር ሕክምና ውስጥ በተግባር እስኪታይ ድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

ጥይቱ እንዴት ያውቃል? እዚህ ሐርጌሳ እንግዳ ወደ ቤታችን ስንጠራ የቤት ቁጥር አንነግረውም። «የሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ሰማያዊ በር ያለውን ሱቅ እለፍ» ነው የምንለው። ሰው የሚደርሰው በምልክት ነው። በሰውነት ውስጥም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በላዩ ላይ ተቀባይ የሚባሉ ምልክቶች አሉት። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ከነዚህ ምልክቶች አንዱን ከልክ በላይ ያበዙታል፤ ጤናማው ሕዋስ ጥቂት በሮች ሲኖሩት የካንሰሩ ሕዋስ ግድግዳው ሁሉ በር ይሆናል። እንግዲህ ያንን በር የሚያውቅ መልእክተኛ ማግኘት ነው ዋናው ቁም ነገር።

መልእክተኛው ፔፕታይድ ወይም ፕሮቲን ነው። አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች እንደ ዶቃ አስቧቸው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራባቸው ዶቃዎች በዋናነት 20 ዓይነት ናቸው። ጥቂት ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ ሲሰኩ ፔፕታይድ ይባላል። ክሩ በጣም ረዝሞ፣ ተጣጥፎና ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ፕሮቲን ይባላል። የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ነው ክሩ የትኛው በር ላይ እንደሚገጥም የሚወስነው።

ለትንሹ መልእክተኛ ጥሩ ምሳሌ ሶማቶስታቲን ነው። በ1973 የሮጀር ጊዩማ የምርምር ቡድን ከበግ አንጎል ለይቶ ያወጣው ሲሆን 14 ዶቃዎች አሉት። ሥራው በሰውነት ውስጥ የእድገት ሆርሞንን መግታት ነው። ነገር ግን ደም ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይፈርሳል። በ1982 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የሳንዶዝ ኩባንያ ሳይንቲስቶች ወደ 8 ዶቃ አሳጥረው፣ በቀላሉ እንዳይፈርስም አድርገው ሠሩት፤ ኦክትሪዮታይድ አሉት። በዚያው አሥርት ዓመት ዣን ክሎድ ሩቢ የተባለ ተመራማሪና ሌሎችም፣ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሡ የአንጀትና የቆሽት ዕጢዎች የዚህ ፔፕታይድ ተቀባይ በብዛት እንዳላቸው አሳዩ። በ1989 ደግሞ በሆላንድ ሮተርዳም ከተማ ፔፕታይዱ ላይ ጨረር የሚሰጥ አዮዲን ተለጥፎ ለሕሙማን ተሰጠ፤ ዕጢው ያለበት ቦታም በምስል ታየ።

ታዲያ ዕጢውን ፈልጎ የሚያገኝ ከሆነ ለምን ገዳይ ጨረር አይሸከምም? ይህ ጥያቄ ሉቴሺየም የተባለ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር የተሸከመ ፔፕታይድ እንዲሠራ አደረገ። በ2017 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ይህን መድኃኒት ከወሰዱት የአንጀት ዕጢ ሕሙማን 65 ከመቶ ያህሉ ከ20 ወር በኋላ በሽታቸው ሳይባባስ እንደሚቆይ ተገምቷል፤ በንጽጽሩ ወገን የነበሩት ግን 11 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ በ2017 በአውሮፓ፣ በጥር 2018 በአሜሪካ ተፈቀደ። እንደ ዶቃ የተሰካች አጭር ክር ይህን ያህል ሠራች።

መርዙና አድራሻው ሲገናኙ

አሁን ወደ አጣጣችን እንመለስ። የእሱ መልእክተኛ ግን አጭር ፔፕታይድ ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ትልቁ ፕሮቲን ነው። ፀረ እንግዳ አካል ሰውነታችን ጀርሞችን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ነው፤ ከሺህ በላይ ዶቃዎች አሉት። በ1975 ጆርጅ ከለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ ካምብሪጅ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካልን በላቦራቶሪ በብዛት የማምረቻ ዘዴ አገኙ፤ በ1984 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሩ ይታወቅ እንጂ ቁልፉን መሥራት ተቻለ ማለት ነው።

በሩም ተገኘ። በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ባካሄዱት ጥናት፣ ከጡት ካንሰር ሕሙማን የከፊሎቹ ዕጢ ሄር-2 የሚባለውን ተቀባይ የሚያዘውን ዘረ መል ከልክ በላይ አብዝቶ እንደሚይዝ፣ እነዚህ ሴቶችም በሽታው እንደሚጠናባቸው አሳዩ። ዛሬ ከአምስት የጡት ካንሰሮች አንዱ ገደማ ከዚህ ዓይነት እንደሆነ ይታወቃል። ይህን በር የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኢሚዩኖጅን በሚባል ኩባንያ ራቪ ቻሪና ባልደረቦቹ መደርደሪያ ላይ የቀረውን ሜይታንሲን እንደገና አነሡት። አመለካከታቸውን እንዲህ ብለን ልናስረዳው እንችላለን፦ መርዙ በጣም ጠንካራ መሆኑ ብቻውን ሲሰጥ ጥፋት ነበር፤ በመልእክተኛ ከተላከ ግን ጥቅም ነው። ምክንያቱም አንድ መልእክተኛ መሸከም የሚችለው ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ፍሬ ኃይለኛ መሆን አለባት። ንጥረ ነገሩን ትንሽ ለውጠው ፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚታሰርበትን ቦታ አበጁለት፤ የመጀመሪያ ውጤታቸውንም በ1992 አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ማሰሪያው ነበር። ማሰሪያው ከላላ መርዙ ደም ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ደም ውስጥ የማይፈታ ጠንካራ ማሰሪያ ተመረጠ። መድኃኒቱ የሚፈታው እንዴት ነው ታዲያ? ፀረ እንግዳ አካሉ በሩን ሲይዝ የካንሰሩ ሕዋስ ወደ ውስጥ ይውጠዋል፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ዶቃ በዶቃ ይፈጨዋል። መልእክተኛው ሲፈጭ መርዙ ከነማሰሪያው አንዲት ዶቃ፣ ላይሲን የምትባለዋን አሚኖ አሲድ እንዳንጠለጠለ ነፃ ይወጣል። ሕዋሱ በገዛ ሆዱ መርዙን ፈትቶ ይጎርሳል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል ያህል የመርዝ ፍሬዎች አሉ።

ትራስቱዙማብና የሜይታንሲኑ ዘር በዚህ መልክ ተጋብተው ካድሳይላ የሚባለው መድኃኒት ተወለደ። በ2012 በታተመ 991 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸው ሴቶች አማካይ ዕድሜ በቀድሞው ሕክምና 25.1 ወር ሲሆን በአዲሱ 30.9 ወር ሆነ። በየካቲት 2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በሽታቸው ገና ያልተሠራጨ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጣቸው መድኃኒት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋላቸው ሕሙማን ላይ፣ በሽታው በአደገኛ መልኩ የመመለሱን ወይም የሞትን አደጋ በግማሽ ቀነሰ። ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ጉበትንና ደም የሚያረጉ ሕዋሳትን ይነካል፣ ሐኪም ሳይከታተል አይሰጥም። ሆኖም የጥንቱ ሜይታንሲን ብቻውን ያደርስ ከነበረው ጋር አይወዳደርም።

ከ1972 እስከ 2013 ስንቆጥር 41 ዓመት ነው። የሜይታንሲን ግኝት በታተመበት ዓመት የተወለደች ሕፃን፣ መድኃኒቱ ሲፈቀድ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበረች።

ጥቅሙስ የማን ነው?

ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ጥያቄ ሊያመልጠን አይገባም። ተክሉ ከኢትዮጵያ ሄዷል፤ ኢትዮጵያ ምን አገኘች? በ1960ዎቹ ተክል ቆርጦ የሚወስድ ሰው ለባለ አገሩ ድርሻ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። ተክል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባል ነበር። ከተክሉ የወጣው እውቀት ግን ፓተንት እየተባለ የኩባንያ ንብረት ሆነ። ካድሳይላ ገበያ ላይ ሲውል አሜሪካ ውስጥ ዋጋው በወር 9,800 ዶላር ነበር። ይህን ዋጋ ከፍሎ መታከም ለኢትዮጵያ ገበሬም ለሐርጌሳ ነዋሪም የሚታሰብ አይደለም፤ ስለ ስደተኛ እናት ባናነሣው ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የካንሰር ጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበርም አንርሳ።

በአንጻሩ በዚያው ዘመን የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ነገሩን ተከታተለው። እንዶድ በየቤቱ የነበረ ነው፤ ጥያቄው ግን አዲስ ነበር። አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆኖ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የእንዶድ ታሪክ የኢትዮጵያዊ ስም ያለበት፣ ጠያቂው ከዚያው አገር ስለተነሣ ነው። በአጣጡ ታሪክ ውስጥ ግን ኢትዮጵያ የተጠቀሰችው የናሙናው መነሻ ተብላ ብቻ ነው።

ኋላ ሕጉም ተለወጠ። በ1992 የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ሲጸድቅ አገሮች በተክላቸው ላይ ያላቸው መብት ታወቀ። ለዚህ ሐሳብ አፍሪካን ወክለው ከተከራከሩት መካከል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ግንባር ቀደሙ ናቸው። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. የራሷን አዋጅ፣ ቁጥር 482ን አወጣች። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ከአገሪቱ ተክል ለመውሰድ ፈቃድ መጠየቅና ጥቅም የሚጋራበትን ውል መፈረም አለበት። ለአጣጡ ዘግይቷል፤ ለሚቀጥለው ተክል ግን አልዘገየም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛው ትምህርት ለጤናችን ነው። ከአጣጥ የተገኘ መድኃኒት አለ ማለት አጣጥ ቀቅሎ መጠጣት ያድናል ማለት አይደለም። እንዲያውም ታሪኩ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ያው ንጥረ ነገር ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በሐኪም እጅ ሲሰጥ እንኳ ሰውን ጎድቶ ተከልክሏል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ወይም እህት ባታማትም እንኳ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። በጊዜ የታየ ዕጢ በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቅጠል ሲፈለግ የሚጠፋው ወር ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ትምህርት ለተማሪዎቻችንና ለራሳችን ለመምህራኑ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን ጀምሮ የጨረሰ አንድ ሰው የለም። ኤርሊክ ሐሳቡን አመጣ፣ መድኃኒቱን አላየም። ኩፕቻን መርዙን አገኘ፣ አድራሻውን ሳያይ ሞተ። ሶማቶስታቲንን ያገኙት ሰዎች ስለ እድገት ሆርሞን እንጂ ስለ ካንሰር አልነበረም የሚያጠኑት። ሁሉም ያጋመሱትን ትተው ሄዱ። ነገር ግን ጽፈውት ሄዱ። የሠሩትን፣ የለኩትን፣ ያልሆነላቸውንም ጭምር በግልጽ መዝግበው ስለተዉ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ከቆሙበት ቦታ ጀመረ። ሥራው ሳይመዘገብ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ቻሪና ባልደረቦቹ እንደገና ከ50 ኩንታሉ ይጀምሩ ነበር።

ትምህርቱ መሃል ላይ የተቋረጠበት ሰው በእኛ መካከል ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያልጨረሰ፣ ከአሥረኛ ክፍል የተፈናቀለ፣ ሰርተፊኬቱ አገር ቤት የቀረበት አለ። «የተጋመሰ ነገር ምን ዋጋ አለው?» የሚል ተስፋ መቁረጥ ሲመጣ ይህን የመድኃኒት ታሪክ ማስታወስ ይገባል። የምናውቀውን ግማሽ በደንብ ካስተማርነው፣ ደብተር ላይ በንጹሕ ካሰፈርነው፣ ቀሪውን ግማሽ የሚሞላው ሰው ዛሬ ከፊታችን ካሉት ተማሪዎች አንዱ ወይም አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 0.2 ሚሊ ግራም ሜይታንሲን ከተገኘ፣ ከ27 ቶን ምን ያህል ይገኛል? የኬንያው ተክል በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ቢሰጥስ?

2. በፔፕታይድና በፕሮቲን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በዶቃ ሠርታችሁ አሳዩ።

3. በሠፈራችሁ የሚታወቅ አንድ መድኃኒትነት ያለው ተክል ምረጡ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ምን ይባላል? አዋቂዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው አስፈቅዳችሁ ስሙን መጻፍም አትርሱ።